ካይሮ ስትለካ፣ እኛ ስንዘፍን

ግብፅ ምን እንደምትፈልግ ለማወቅ ሰላይ መላክ አያስፈልግም። ከመቶ ዓመት በላይ ጮክ ብላ ስትናገረው ኖራለች። እንጅባራ ውስጥ ደስ ያላችሁ ቡና ቤት ቁጭ በሉና «ግብፅ» የምትለዋን ቃል ጣል አድርጉ፤ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ሦስት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ «ምቀኞች ናቸው» ይላል። ሁለተኛው «የዚህ አገር መከራ ሁሉ ከእነሱ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ ስለ ግድቡ የተዘፈነ ዘፈን ይከፍትላችኋል። «ቆይ፣ ግብፅ በውጭ ፖሊሲዋ ከሁሉ በፊት የምታስቀድመው ምንድን ነው? ለምንስ?» ብሎ የሚጠይቅ አራተኛ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ለአራተኛው ሰው ነው።

ደግሞስ ይህን ጥያቄ ከእኛ ከአዊዎች የበለጠ ማን ይጠይቀው? ካርታ ዘርጉ። ግሽ ዓባይ ያለችበት ሰከላ ጎረቤታችን ነው። ዳንግላ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በክልቲ አድርጎ ግልገል ዓባይን ይቀላቀልና ጣና ይገባል። በምዕራብ በኩል ያለው ደግሞ በበለስ ሸለቆ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ የሚታጠፈው መንገድም ግልገል በለስን አልፎ ጉባ፣ ሕዳሴ ግድብ ድረስ ይዘልቃል። ውኃውም መንገዱም በደጃችን ነው የሚያልፈው። እንዲያም ሆኖ ካይሮ ውስጥ ያለ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስለ ዓባይ ውል ከዳንግላው እኩያው የተሻለ ያውቃል ብባል አይገርመኝም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሉ የለ!

መሪ ሲለወጥ የማይለወጠው

የአንድን አገር የውጭ ፖሊሲ ቅደም ተከተል ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፤ መሪው ሲለወጥ የማይለወጠውን ነገር መፈለግ። ግብፅ በዚህ በኩል ገላጣ ናት። ንጉሥ ፋሩቅ ሄደ፤ ናስር መጣና ፊቷን ወደ ሞስኮ አዞረ። ሳዳት መጣ፤ ከሞስኮ ወደ ዋሽንግተን ዞረች፣ ከእስራኤልም ጋር ታረቀች። ሙባረክ ሠላሳ ዓመት ገዛ። ሙስሊም ወንድማማቾች በሙርሲ በኩል ወንበሩን ያዙ፤ ወታደሩ በአልሲሲ በኩል መልሶ ወሰደው። በዚህ ሁሉ መሀል ወዳጅና ጠላት ተቀያየረ። የናይል ውኃ ግን አንድም ቀን ከመጀመሪያው ረድፍ ዝቅ አላለም።

ሳዳት እ.ኤ.አ. በ1979 ከእስራኤል ጋር ሰላም በፈረመበት ዓመት፣ ግብፅን ዳግመኛ ጦርነት ውስጥ ሊያስገባት የሚችለው ውኃ ብቻ እንደሆነ ተናግሮ ነበር። ሙርሲ ደግሞ የሳዳት ተቃራኒ የሆነ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. እኛ የወንዙን አቅጣጫ ባስቀየርን በሳምንቱ፣ እርስ በርስ ዓይንና ናጫ የነበሩ የግብፅ ፖለቲከኞች በእሱ ፊት ተሰብስበው ግድቡን እንዴት እንደሚያደናቅፉ መከሩ። (ስብሰባው በቴሌቪዥን በቀጥታ እየተላለፈ መሆኑን ግን ያልሰሙ ነበሩ!) እኛ በቀጥታ ስርጭቱ ሳቅን። ልናስተውለው የሚገባው ሌላ ነገር ነበር፦ በምንም የማይስማሙት ሰዎች በአንድ ነገር ተስማምተዋል።

ለምን? ምቀኝነት ስለያዛቸው አይደለም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በረሃ መካከል፣ በአንድ ወንዝ ዳርና ዳር ተደርድሮ ይኖራል። የሚጠጡትና የሚያርሱበት ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከዚያው ወንዝ ነው። እኔም እናንተም እዚያ ብንወለድ ይህንኑ ነበር የምናስቀድመው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ በዚያ ላይ ከተሠራው ሒሳብ ጋር ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ግብፅና የእንግሊዝ መንግሥት ተፈራርመው ለግብፅ 48፣ ለሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተመደበ። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን እንደገና ተቀመጡ። በዓመት አስዋን ይደርሳል ከተባለው 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውስጥ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን ሆነ። የቀረው 10 ቢሊዮን ከግድቡ ሐይቅ ላይ ለሚተነው ውኃ ተተወ። ደምሩት፣ 84 ይሞላል። ለፀሐይ እንኳ 10 ቢሊዮን ድርሻ ሲያዝላት፣ አስዋን ከሚደርሰው ውኃ 85 በመቶ ያህሉን ለምታዋጣው ኢትዮጵያ ዜሮ! ስብሰባው ላይም አልተጠራችም።

የሚገርመው ደግሞ በዚያው እ.ኤ.አ. 1959 ነው ቤተ ክርስቲያናችን የራሷን ፓትርያርክ ያገኘችው። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የሚመጣልን ከግብፅ ነበር። ስለ ጳጳሱ ለረጅም ጊዜ ተከራክረን በመጨረሻ ጉዳያችንን በእጃችን አስገባን። በዚያው ዓመት ውኃው በሌለንበት ተከፈለ።

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው…

ከውኃው ቀጥሎ የሚመጣው ባሕሩ ነው። የሱዌዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ2023 ለግብፅ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ነበር። የየመን ሁቲዎች መርከቦችን ማጥቃት ሲጀምሩ ገቢው በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ወረደ። ከባብ ኤል መንደብ እስከ ሱዌዝ ያለው ውኃ ለካይሮ የኪስ ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም። «የቀይ ባሕር ጉዳይ የዳርቻው አገሮች ብቻ ነው» እያለች የምትደጋግመውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ገንዘብና ዳቦ ነው። ግብፅ በዓለም ላይ ስንዴ በብዛት ከሚገዙት አገሮች አንዷ ናት። እዳዋም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ራስ አል ሒክማ ለተባለው የባሕር ዳርቻ 35 ቢሊዮን ዶላር ለማፍሰስ ተስማማች፤ በቀጣዩ ወር ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ብድሩን ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር አሳደገው። ከካምፕ ዴቪድ ወዲህ ከዋሽንግተን የሚመጣው የጦር እርዳታም አለ። ስለዚህ ካይሮ ሪያድን፣ አቡ ዳቢንና ዋሽንግተንን ማስቀየም አትችልም። አራተኛው ደግሞ በዙሪያዋ ያለው እሳት ነው፦ ጋዛ፣ ሊቢያ፣ ሱዳን።

ይህን ቅደም ተከተል የያዘ ሰው ዜና ሲሰማ አይደናበርም። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈረመች። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ግብፅ ከሶማሊያ ጋር የጦር ስምምነት አደረገች፤ ወዲያውም መሣሪያ ላከች። መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሶማሊያና የኤርትራ መሪዎች አስመራ ላይ ተሰበሰቡ። ቡና ቤቱ «ሊከቡን ነው!» ብሎ ተንጫጫ። እውነት ነው፣ ከበባ ይመስላል። ነገር ግን ካይሮ አዲስ ነገር አልፈጠረችም፤ ቁጥር አንድንና ቁጥር ሁለትን በአንድ ጉዞ ነው ያገናኘችው። እኛ በር ከፈትን፣ እሷ ገባች።

ግብፅ በመሳደብ ብቻ እንደማትሠራም ማወቅ ደግ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ሩፊጂ ወንዝ ላይ የተሠራውን 2,115 ሜጋ ዋት የጁሊየስ ኔሬሬ ግድብ የገነቡት የግብፅ ኩባንያዎች ናቸው። የላይኛው ተፋሰስ አገር ለሆነችው ለታንዛኒያ ግድብ መሥራት ማለት ወዳጅ መግዛት ማለት ነው። ይህ ዲፕሎማሲ ይባላል።

ዳንግላ ምን ይሠራ ነበር ቆንስሉ?

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ይቀመጥ ነበር። ሻለቃ ቺዝማን ይባላል። ዳንግላ ያኔ አስፋልት የላት፣ መብራት የላት። ታዲያ ያ ሁሉ ታላቅ መንግሥት እዚህ ቆንስል ምን አስቀመጠው?

ሰውየው ሌላም ሥራ ነበረው፤ ስሙ የቀረው ግን በውኃው ነው። ጣናን ዞረ፣ የዓባይን ሸለቆ ተከተለ፣ ካርታ ሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ አሳተመ። ከእሱ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1920 እና 1921 ወደ ጣና የመጣ አጥኚ ቡድን ነበር፤ ሪፖርቱ ታትሞ የወጣው ካይሮ ላይ ነው። ሱዳን ውስጥ የሰናር ግድብ ሥራ ያለቀው ቺዝማን በተሾመበት በ1925 መሆኑንም አስታውሱ። የታች አገሮችን ውኃ የሚያዝዙት ሰዎች ምንጩን ሳያውቁ አልተኙም።

ይህ ልማድ ከእንግሊዝም በፊት የነበረ ነው። ካይሮ ውስጥ ሮዳ በምትባለው ደሴት ላይ የናይልን ከፍታ የሚለካ ዓምድ አለ፤ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ861 ነው። ውኃው ምን ያህል እንደወጣ ተመልክተው ግብሩን ይወስኑበት ነበር። ከሺህ ዓመት በላይ ሲለካ የኖረ አገር ድርድር ላይ ሲቀመጥ ከፊቱ ቁጥር አለው። ያ 55.5 የሚባለው በተለካ ውኃ ላይ የቆመ ነው። ኢፍትሐዊ ነው፤ ግን ቁጥር ነው። ኢፍትሐዊ ቁጥርን የሚያሸንፈው ደግሞ ሌላ ቁጥር እንጂ ቀረርቶ አይደለም።

እኛም ለክተን አናውቅም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 የአሜሪካ የመሬትና ውኃ ልማት ቢሮ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆነው የዓባይን ተፋሰስ አጥንተው ነበር። ያ ጥናት በድንበሩ አካባቢ ግድብ ሊሠራ እንደሚችል አመልክቷል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ ከበስተጀርባው ያ የተለካ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ ግን ጠበቀን።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ያልሰማችሁትን ልንገራችሁ። ዳንግላ ወረዳ ዳንገሽታ ቀበሌ ውስጥ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬዎች ራሳቸው ዝናብ፣ የጉድጓድ ውኃና የወንዝ ከፍታ እየለኩ መመዝገብ ጀምረው ነበር። ሥራውን ያስጀመሩት ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው። ውጤቱ በሳይንስ መጽሔት ታትሟል፤ ገበሬዎቹ የሰበሰቡት መረጃ ከመደበኛ ጣቢያዎች የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ስለ ግድቡ ስንት ዘፈን ታውቃላችሁ? ስለ ዳንገሽታ የዝናብ መለኪያስ?

ግድቡ ቆሟል፤ ታዲያ ምን ቀረ?

«አሸንፈን የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ። ደመወዙን ቆርጦ ቦንድ የገዛ መምህር፣ ከጤፉ ሸጦ ያዋጣ ገበሬ ይኮራል፤ ኩራቱም ይገባዋል።

ነገር ግን የእንጅባራ ሰው ፈረስ ያውቃል። ጥር ላይ ፈረሰኞቻችን ሲወጡ አገር ይደምቃል። አባቶቻችን ግን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ነው ያሉት። ግድቡም ፈረስ ነው፤ አድርሶናል። ከዚህ በኋላ ያለው ትግል በእግር ነው።

ምን ዓይነት ትግል? መጋቢት 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሦስቱ አገሮች የመርሆዎች መግለጫ ፈረሙ። ከዚያ በኋላ የቀጠለው ድርድር ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ያለ ስምምነት ተበተነ። ያጣላቸው ግድቡ መቆሙ አልነበረም። ተከታታይ የድርቅ ዓመታት ቢመጡ ኢትዮጵያ ምን ያህል ትለቃለች የሚለው፣ አለመግባባት ሲፈጠር ማን ይዳኛል የሚለው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደፊት ኢትዮጵያ ከግድቡ በላይ ባሉ ወንዞቿ ሌላ ምን ትሠራለች የሚለው ነው። በኤንቴቤው የትብብር ማዕቀፍ ላይም ግብፅን ያስቀረው አንድ አንቀጽ ነው፤ 14(ለ)። ካይሮ «የውኃ ዋስትና» ከሚለው ጎን አሁን ያላት አጠቃቀምና መብት እንዲጻፍላት ፈለገች። ያ ማለት የ1959ኙ ሒሳብ በእኛም ፊርማ ይጽና ማለት ነው። ስምምነቱ ያለ እሷ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ።

እስቲ ልብ በሉ። የኤሌክትሪክ ግድብ ውኃውን አሽከርክሮ ይለቀዋል። መስኖ ግን ይጠጣዋል። ስለዚህ የካይሮ ትልቁ ጥያቄ ነገ የሚያርፈው ጉባ ላይ ሳይሆን ዳንግላና ጃዊ ላይ ነው። በበጋ ሽንኩርትና ድንች ማልማት የሚፈልገው የክልቲ ዳር ወጣት ሳያውቀው የግብፅ የውጭ ፖሊሲ ቁጥር አንድ አጀንዳ ውስጥ አለ። ተደራዳሪያችን «ይህ ወጣት ይህን ያህል ውኃ ይፈልጋል፤ ወንዙ ውስጥ ይህን ያህል አለ» ለማለት ቁጥሩን ከየት ያመጣል? ከዘፈኑ?

አፈሩም አለ። ከኮረብታችን የሚታጠበው አፈር ዞሮ ዞሮ ግድብ ውስጥ ነው የሚተኛው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ዲከረንስ ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ፣ የተራቆተውን መሬት በራሱ ኪስና ጉልበት አልብሶት ነበር። ማንም አምባሳደር አልረዳውም። በኋላ ዛፉን በሽታ መታው። ይህን የግብርና ቢሮ ብቻ ጉዳይ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ የግድቡ ዕድሜ ጉዳይ ነው።

አንድ የኳስ ጨዋታ ላስታውሳችሁ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፉ። አገር ጨፈረ። «የሜዳችን» የተባለው ያ ጨዋታ ግን የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ለምን? የባሕር ዳሩን ስታዲየማችንን ካፍ ስላገደብን። ውጤቱ የእኛ፣ ሜዳው የሰው! ከግብፅ ጋር ያለን ነገር ሁሉ ይህን ይመስላል።

«ሁሉም ከግብፅ ነው»

የመጨረሻው ነገር ያሳስበኛል። ግብፅን መርገም አገር ውስጥ ላለው ችግር መሸሸጊያ ሆኗል። ባለሥልጣኑ መንገድ ሳይሠራ ሲቀር፣ ተቃዋሚው ከተቃዋሚው ሲጣላ፣ ክልሉ ሲታመስ፣ «የግብፅ እጅ አለበት» ማለት ይቀላል። የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያየውን መከራ እናውቃለን፤ የተዘጋውን ትምህርት ቤት፣ የተቋረጠውን ኢንተርኔት፣ የተቀበረውን ወጣት። ካይሮ ከመከፋፈላችን ብታተርፍ ደስ ይላታል፤ ይህ ከቅደም ተከተሏ ጋር የሚሄድ ነው። ግን ቁስሉን ራሳችን ካልከፈትነው ዝንብ አያርፍበትም። በግብፅ ስም ወንድሙን «ባንዳ» ያለ ሰው ለግብፅ ከመሥራት ውጭ ምን ሠራ?

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልልቁን ለትልልቆቹ እንተወውና ከእኛው ቢጀመር የሚያምረውን ልበል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የዓባይን ውሎች፣ ከ1902 እስከ ኤንቴቤ፣ ምህንድስናም ይሁን ሕግ ለሚማር ሁሉ ያስተምር። ከተማሪዎቹ መካከል ጥቂቶቹ አረብኛ ይማሩ፤ የካይሮን ጋዜጣ በራሱ ቋንቋ አንብቦ «ዛሬ እንዲህ አሉ» የሚለን ሰው ያስፈልገናል። የዳንገሽታ ዓይነት መለኪያ በየወረዳው ትምህርት ቤት ግቢ ይተከል፤ የሳይንስ ክበቡ በየጠዋቱ ይመዝግብ። አንድ የዝናብ መለኪያ ከአንድ የኮንሰርት መድረክ በጣም ይረክሳል።

ደግሞም ግብፃዊውን ሰው ከግብፅ ፖሊሲ እንለየው። የዴልታው ገበሬ እንደ እኛው ገበሬ ሰማይ ሳይሆን ቦይ እያየ የሚጨነቅ አባወራ ነው። ከእሱ ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን እሱን 55.5፣ ፀሐይን 10፣ የእኛን አባወራ ዜሮ ካደረገው ሒሳብ ጋር ነው። ያንን ሒሳብ ለማስተካከል ደግሞ እርሳስ፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። ዘፈኑን ከዚያ በኋላ አብረን እንዘፍነዋለን።

ቸር ይግጠመን!